ስለ ዋይላፓታ ድርሻህ

ለእናቴ ልጅ ለኤሉተርዮ፤

እንደምን ሰነበትክ ወንድሜ? ደረትህ እንዴት ነው? ሳሉ ቀነሰልህ ወይስ አሁንም ሌሊቱን ቁጭ አድርጎ ያሳድርሃል? ሮሲልያ እንዴት ናት? ልጆቹስ? ትንሿ ጥርስ አወጣች? የምትሠራበት የጡብ ምድጃ ጭስ ለእነሱም እንዳይተርፍ ቤታችሁን ከነፋሱ ወዲያ አዛውሩ ብዬህ ነበር፤ አዛወራችሁ? እኛ እንግዲህ አለን። «ደህና ነን» ብዬ ልጀምር እስክሪብቶውን አነሳሁና እጄ እምቢ አለኝ፤ በሕይወት አለን ማለቱ ይሻላል። እማማ አለች፣ አማችህ ሴፌሪኖ አለ፣ እኔም አለሁ። ልጄ ዙልማ ብቻ ቤት የለችም፤ እሱንም እደርስበታለሁ።

ደብዳቤህ ዐቢይ ጾም ሊገባ ሲል፣ በካርኒቫል ሰሞን በጭነት መኪናው ሹፌር እጅ ደርሶኛል። ሐኪሙ «ከጭሱ ካልወጣህ ሳንባህ አያወጣህም» እንዳለህ፣ በነሐሴ ሮሲልያንና ልጆቹን ይዘህ ለመምጣት እንዳሰብክ ነግረኸኝ፣ አባባ የተወልህ የዋይላፓታ የእርሻ ድርሻህ አለ ወይስ የለም የሚል አንድ ቃል ብቻ እንድጽፍልህ አሳስበኸኛል። ይኸው ሦስተኛ ወሩ ነው፤ አንዷን ቃል አልጻፍኩልህም። ስልክ ከሚይዝበት ጉብታ ሁለት ጊዜ ወጥቼ ደውዬልህ ነበር። ታስታውሳለህ፣ ስለ ዶሮ ነው ያወራሁህ። «ዋይላፓታ» ልል ስል አንተ ሳል ያዘህ፣ «ዶሮዋ ስድስት ጫጩት ፈለፈለች» ብዬህ ዘጋሁ። ዶሮዋ የፈለፈለችውም ሦስት ነበር። ስለዚህ በወረቀት ይሻለኛል። ዙልማ ጥላው ከሄደችው ደብተር ገጽ ቀድጄ ነው የምጽፍልህ። መልሱን መጀመሪያ ላይ ብነግርህ የቀረውን አታነበውም፤ አውቅሃለሁ፣ ከልጅነትህም ቁጡ ነህ። እባክህ ከሥሩ ስማኝ።

ያ የመንግሥት ገንዘብ የመጣልን ዙልማ የሦስተኛ ክፍል ተማሪ ሳለች ነው። አንተ ሄደህ ነበር። በየሁለት ወሩ ሁለት መቶ ሶል፣ በእኔ ስም፣ በእኔ ካርድ። ልጅቷ ከትምህርት ቤት እንዳትቀር፣ ጤና ጣቢያ እንድትታይ፣ ይኸው ነው የተባልነው። ሴፌሪኖ መጀመሪያ ሰሞን «እመቤቴ ደመወዝተኛ ሆናለችና በር ላይ ባርኔጣዬን አወልቃለሁ» እያለ ይቀልድብኝ ነበር። እውነቱን ልንገርህ፣ ያ ገንዘብ ደግ ነበር። ክፉ ነበር የሚልህ ሰው ካለ ዋሽቷል። በመጀመሪያው ለዙልማ ድፍን ጫማ ገዛሁላት፤ እኔና አንተ በበረባሶ በውርጭ ላይ ስንሄድ ተረከዛችን እንዴት ይሰነጠቅ እንደነበር አትረሳውም። ከዚያ ቆርቆሮ አለበስን። ዶሮ ገዛን፣ እንቁላል ለገበያ ሳይሆን ለራሳችን በላን። እማማ ዐይኗን ታየች። ከዚያ በፊት ዞር ብሎ አይቶኝ የማያውቅ ባለ ሱቅ «ወይዘሮ ኤፒፋንያ» ብሎ ጠራኝ። ልቤ አብጦ ነበር፤ ለምን እደብቅሃለሁ?

መክፈያው ቀን እኮ ትልቅ ነገር ነበር። ከጎረቤት ሴቶች ጋር ገና ሳይነጋ ወደ ከተማው እንወርዳለን፣ ሁላችንም ጥሩ ቀሚሳችንን ለብሰን። ሰልፉ ረጅም ነው፣ ግን ወሬውና ሳቁ አያልቅም። ማታ መኮሮኒና ሰርዲን ይዘን እንመለሳለን። ድንች የማይበላ ቤት ሆንን ማለት ነው፣ በሳምንት ሁለት ቀን። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባላል፤ እኔን እያሳሳቀ ነው የወሰደኝ።

አሁን ጥፋቴን ልንገርህ። ወንፈልን ታውቃለህ። ዛሬ ክንድህን ታበድረኛለህ፣ ነገ ክንዴን እመልስልሃለሁ፤ ቀን በቀን፣ ጎንበስ በጎንበስ ነው የሚመለሰው። ዋይላፓታን የመሰለ ቀጥ ያለ ሸንተረር በሬ አይወጣውም። ሁለት ወንድ በእግር ማረሻ ጎን ለጎን ይወጋሉ፣ አንዲት ሴት ከፊታቸው ተንበርክካ የተነሣውን ጓል በእጇ ትገለብጣለች። ሦስት ሰው ካልሆነ አይታረስም። አባባ «ብቻውን የሚያርስ ሰው መቃብሩን ነው የሚቆፍር» ይል አልነበር?

እንግዲህ ከሁለት ዓመት በፊት አበልጄ ፓውሊና ድንቿን ለማውጣት በወንፈል ጠራችኝ። ፓውሊናን ረስተሃት እንዳይሆን፤ ዙልማን ክርስትና ያነሣችው፣ ከወንዙ ወዲህ ያለችው ናት። የጠራችኝ ቀን የመክፈያው ቀን ሆነ። ቀርቼ እንዳልቀር፣ ያን ቀን ካልወሰድኩ እንደገና ሌላ ጉዞ ነው። ምን አደረግሁ መሰለህ? የሃያ ሶል ኖት በዙልማ እጅ ላክሁላት፤ ቀን ሠራተኛ ቅጠሪበት ብዬ። ደግ የሠራሁ መሰለኝ እኮ! ክንዴ የሚያወጣውን ዋጋ ከነሙሉው ነው የላክሁት። ፓውሊና ኖቷን ተቀበለች አሉ፣ ምንም አላለችም። ምንም ስላላለች ደስ ያላት መሰለኝ።

ይህ አንድ ቀን ብቻ ቢሆን ባልከፋ። ከዚያ በኋላ ለመደብኝ። የአንዱ ጣራ ሲከደን ሃያ ሶል ላክሁ። የሌላው በቆሎ ሲቆረጥ ሃያ ሶል ላክሁ። የእኔን ጓሮ ለማሳረስም ሰው ቀጥሬ ከፈልሁ፣ ማንንም አልጠራሁም፣ ለማንም ጠላ አልጠመቅሁም። ሁለተኛ ጊዜ ፓውሊና ስትጠራኝ ደግሞ መክፈያም አልነበረ፣ ስብሰባም አልነበረ። እቤቴ በራፍ ላይ ፀሐይ እየሞቅሁ ጸጉሬን እታጠብ ነበር። ከዚያ ቁጭ ብዬ ገንዘብ ላክሁላት። ይህን ለንስሐ አባትም አልተናገርሁትም፣ ለአንተ ነው የምናገረው።

ባለፈው ታኅሣሥ ዙልማ ሁለተኛ ደረጃን ጨረሰች። ከአባባ ወገን ከእናታችንም ወገን የመጀመሪያዋ ናት። ካባ ለብሳ የተነሣችው ፎቶ ግድግዳው ላይ አለ፤ እማማ በደንብ ባይታያትም በጣቷ ትዳስሰዋለች። ልጅቷ ስትጨርስ ገንዘቡም አለቀ፤ ከመጀመሪያውም «ልጅ እስካለ ድረስ ነው» ብለውናልና ማንንም አልወቅስም። የማዝነው ሌላ ነው። እንድትማር ብዬ ከመሬት አራቅኋት። ጓል ገልብጣ አታውቅም፣ ጉልበቷ ላይ አንዲት ጠባሳ የለባትም። እዚህ ደግሞ ለምስክር ወረቀቷ የሚሆን ሥራ የለም። በጥር ወረቀቷን በላስቲክ ጠቅልላ አያኩቾ ከተማ ወረደች። አሁን ሾርባ ቤት ሳህን ታጥባለች። ሳህን ለማጠብ አሥራ አንድ ዓመት መማር ያስፈልግ ነበር ወይ ብላ በስልክ ጠየቀችኝ፤ ከዚያም ሳቀች።

ካርኒቫል ላይ የመንደሩ ጉባኤ ተሰበሰበና ዋይላፓታ ሦስት ዓመት ታርሶ ሰባት ዓመት ጦም ካደረ በኋላ ዘንድሮ ይከፈት ተባለ። ባለፈው በተከፈተ ጊዜ አንተ ነበርክ ያረስከው፣ አባባም በሕይወት ነበር፤ ስድስት ማረሻ ተሰልፎ አንተ በዘፈን ስትመራ ድምፅህ እስከ ወንዙ ይሰማ ነበር። ሕጉን አልረሳህም። ዝናቡ ሳይቋረጥ፣ ሰሙነ ሕማማት ሳይገባ ድርሻውን ያልገለበጠ ሰው ለሌላ ይሰጥበታል። ያንተን ስም ሲጠሩ እኔ ብድግ አልኩና «ወንድሜ በነሐሴ ይመጣል፣ እስከዚያው እኔ እገለብጥለታለሁ» አልኩ። ሊቀመንበሩ «በምን ክንድ?» አለኝ። በክፋት አይደለም፣ የእውነት ጠየቀኝ። እኔም ተመልሼ ተቀመጥኩ።

በማግስቱ ዐይኔን በጨው አጥቤ ወጣሁ። እንደ ደንቡ የኮካ ቅጠል በጨርቄ ቋጥሬ፣ ትንሽ ጠርሙስ አረቄ ይዤ፣ ጎሕ ሳይቀድ ከቤት ቤት ዞርኩ። ቅጠሉን የተቀበለ ሰው እሺ አለ ማለት ነው፤ ያልተቀበለ ደግሞ ምንም ማለት አያስፈልገውም። ሁሉም ቁጭ በይ አሉኝ፣ ሁሉም ስለ እማማ ጠየቁኝ፣ ስለ አንተም ሳል ጠየቁኝ። ቅጠሉን ግን የነካው የለም። አንዱ «በዚያ ሳምንት ለወንፈል ተይዣለሁ» አለኝ፤ ሌላው ወገቤን አለ። አንዱ እንዲያውም በትሕትና «ስንት ነው የምትከፍይው?» አለኝ። የሰው ፊት እሳት ነው ሲሉ ተረት ይመስለኝ ነበር።

ፓውሊናን መጨረሻ ላይ ነው ያደረግኋት፤ ፈራኋት መሰለኝ። ጨርቄን ፈትቼ ቅጠሉን ፊቷ ዘረጋሁ። እሷ ምድጃዋ ሥር ለሚርመሰመሱት፣ ለበዓል ለምታርዳቸው ጅራት አልባ ኩዪዎች ሣር እየጣለች ቆየችና ቀና ብላ አየችኝ። «አበልጄ» አለችኝ፣ «እኔ ክንድሽን ነበር የጠየቅሁሽ፤ ገንዘብሽን መች ጠየቅሁሽ?» ሾርባ ቀድታ ሰጠችኝ፣ ጠጣሁ፣ ቅጠሌን መልሼ ቋጥሬ ወጣሁ። በመንገድ ላይ ቆሜ አለቀስኩ። በእሷ ተናድጄ አይደለም። እውነቷን ስለሆነ ነው።

ሴፌሪኖ «እኔ አለሁ አይደል» አለ። ወገቡን ታውቀዋለህ፣ ከመንገድ ሥራው ወዲህ ቀና ብሎ አያውቅም። ማረሻህን ከጣራው ሥር አወረደ፤ ያንተኑን፣ እጀታው ላይ ስምህን የፈለፈልክበትን። ሦስት ቀን ወጣን። እሱ ብቻውን ይወጋል፣ እኔ ተንበርክኬ እገለብጣለሁ። በአንድ ማረሻ ጓሉ ሙሉ አይነሣም፣ ይሰበራል፣ እንደገና ይወጋል። በሦስት ቀን የገለበጥነው የአንድ ቤት ስፋት የማይሞላ ነው። በሦስተኛው ቀን እዚያው ማረሻው ላይ ተደገፈና መቀመጥም መቆምም አቃተው። በጀርባዬ አዝዬ ነው ያወረድኩት፤ እንደ ሕፃን ይቅርታ ይጠይቀኝ ነበር። እስከ ዛሬ እንደተኛ ነው፣ ለሽንት እኔ ነኝ የምደግፈው።

እንግዲህ መልስህ ይኸው፦ ድርሻህ የለም፣ ወንድሜ። በሆሳዕና ማግስት ጉባኤው ለኤድጋር ሰጠው፤ ለፓውሊና ልጅ፣ ዘንድሮ ላገባው። ክፉ ልጅ አይደለም፣ መሬት አልነበረውም፣ ለእያንዳንዱም ወንፈል ሄዶ ሠርቷል። ሊቀመንበሩ ስምህን ሲሰርዝ ባርኔጣውን አውልቆ ነበር። እኔም በእሱ ቦታ ብሆን እንደዚያው እፈርድ ነበር። ያ ነው የሚያቃጥለኝ፤ የምረግመው ሰው እንኳን አጣሁ።

ዘንድሮ ዝናቡ ቶሎ ስላላቆመ ኤድጋር ከፋሲካ በኋላ ነው የገለበጠው። ፓውሊና ጓል ገልባጭ ሴት አንሷት ልካ አስጠራችኝ። ልቤ ደስ አለው፣ ታምናለህ? መሬትህን ሊያርሱ ጠርተውኝ ልቤ ደስ አለው። ከእሷ ጋር አንድ ቀን ከሠራሁ ወንፈሉ ይጀመራል፣ ለከርሞ ሌላ ቦታ ሲከፈት ሰው አገኛለሁ፣ ለአንተም በስሜ አንድ ነገር እለምናለሁ አልኩ። ሄድኩ። አባባ የተከለው የወሰን ድንጋይ ሥር ተንበርክኬ ጀመርኩ፤ ኤድጋርና አማቹ ከፊቴ ይወጋሉ፣ እኔ እገለብጣለሁ። እኔና ሴፌሪኖ የገለበጥናት ቁራሽ ጋ ስንደርስ ኤድጋር ዘለላት። አፈሩ ጥሩ ነው፣ ኤሉተርዮ፣ ጥቁር ነው፣ ትሉ ብዙ ነው። ልነግርህ ባልፈልግም እጄ ገብቶበታልና አውቀዋለሁ። ምሳ ላይ ሴቶቹ ጠላቸውን እየተቀባበሉ «ማክሰኞ የእኔ፣ ሐሙስ ያንቺ» እየተባባሉ ቀን ሲከፋፈሉ ከእኔ አጠገብ ሲደርሱ ዐይናቸው ዘለለኝ፣ ልክ ያቺን ቁራሽ እንደዘለላት።

ማታ ሰው ሲበተን ፓውሊና ጠራችኝና የሃያ ሶል ኖት አወጣች። እጄን ወደ ኋላ ሰብስቤ «ገንዘቡ ይቅር አበልጄ፣ በወንፈል ይያዝልኝ፤ አንድ ቀን ኤድጋርን ትልኪልኛለሽ» አልኳት። ተለማመጥኳት፣ አልደብቅህም። እሷም እጄን ይዛ ኖቷን መዳፌ ላይ አስቀመጠችና ጣቶቼን አንድ በአንድ አጠፈቻቸው። «አይ አበልጄ» አለችኝ፣ ድምፅዋም ለስላሳ ነበር፣ «እንዳስተማርሽን ይሁን። አሁን አንቺም ነፃ ነሽ፣ እኔም ነፃ ነኝ።»

በዚህ መንደር ተወልጄ አርባ ሰባት ዓመት ኖርኩ፤ ነፃ የሚለው ቃል እንደዚያ ሲመር ሰምቼ አላውቅም። ለማንም ምንም የሌለብኝ፣ ማንም ለእኔ ምንም የሌለበት ሰው ሆኛለሁ። ነገ ብሞት ሬሳዬን የሚሸከሙት በወንፈል ይሁን በክፍያ አላውቅም።

ና አልልህም። አትምጣ ለማለትም አፌ አልደፍር አለ። ቤቱ ቤትህ ነው፣ ማደሪያ አይጠፋም፣ አየሩም ለደረትህ ይሻላል። ግን ምን ትበላለህ? ልጆችህንስ ምን ታበላለህ? የእኔ ጓሮ ለሦስታችንም አልበቃ። ማረሻህ ተመልሶ ጣራ ሥር ተሰቅሏል፤ ከጎኑ የሚቆም ሌላ ማረሻ የለውም። ልታስብበት የሚገባህን አስብ፣ እኔ የማስብበት ልብ አልቆብኛል።

ለእማማ አልነገርኋትም። ሽቅብ መውጣት ስለማትችል አታይም፣ ሰውም አዝኖላት አይነግራትም። ዘንድሮ ከጓሮ ያወጣነውን ድንች እየዳሰሰች ለዋይላፓታ ዘር ትመርጣለች፤ ዐይን ያለውን በአንድ ወገን፣ የሌለውን በሌላ ወገን። ከዘሩ ክምር ሥር እየወሰድኩ እቀቅላለሁ። ዘር እየበላን ነው ወንድሜ። ትናንት ክምሩን ዳበሰችና «ይህ ነገር አያድግም እንዴ?» አለችኝ። «አይጥ ይሆናል» አልኳት።

ከዚህ ወረቀት ጋር ያቺን የሃያ ሶል ኖት አጥፌ ልኬልሃለሁ። ሴፌሪኖ የወገብ መድኃኒት ያስፈልገዋል፣ ቤት ውስጥም ጨው የለም፤ ሆኖም ኖቷን ሁለቴ ይዤ ሱቅ በር ደርሼ ተመለስኩ። ከመሬትህ የወጣ ነው፣ ያንተ ነው። አባባ ከተወልህ ያተረፍኩልህ ይኸው ነው። ተቆጣኝ፣ ስደበኝ፣ ብቻ ጻፍልኝ።

ሮሲልያን በእኔ ስም ሳምልኝ፤ ያሸመንሁላትን ብርድ ልብስ ለልጆቹ ታልብሳቸው በላት። ትልቁን ልጅህን አክስትህ አልረሳችህም በለው፣ የትንሿን ጉንጭ ሳምልኝ። ሴፌሪኖ ተኝቶ ሳለ «ሰላም በይው፣ ማረሻውንም ዘይት ቀብቼ ነበር በይው» ብሎሃል። ዙልማ በስልክ አጎቴን ሰላም በይልኝ ብላለች። እማማ ደግሞ እዚህ አጠገቤ ቁጭ ብላ እስክሪብቶው ሲጭር እየሰማች ነው። ምን ልጻፍለት ብዬ ጠየቅኋት። «ዘሩ ተመርጧል፣ በጊዜ ይምጣ በይው» አለችኝ። እንዳለችኝ ጽፌልሃለሁ።

እህትህ ኤፒፋንያ

ቶቶራፓምፓ፣ የግንቦት መስቀል ዋዜማ
ግንቦት 2 ቀን 2018 እ.ኤ.አ.